«ለጋሲዮን»፦ የአንድ ሰፈር ስም ትርጉምና አመጣጥ

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣ መንገደኛ የታክሲ ረዳቱ «ፈረንሳይ! ፈረንሳይ ለጋሲዮን!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ይህን ስም በየቀኑ የሚጠራው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ትርጉሙን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ፈረንሳይ» የሚለው የአገር ስም ስለ ሆነ ለማንም ግልጥ ነው። «ለጋሲዮን» የሚለው ግን ከየት እንደ መጣ፥ ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ለምንስ በዚያ ቦታ እንደ ቀረ ቢጠየቅ መልሱ እንደየሰዉ ይለያያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቃሉን ሥርና የመጣበትን መንገድ መርምሮ፥ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው አገር፥ በእንጦጦ ተራራ ሥር፥ እንዴት እንደ ተተከለ ማስረዳት ነው። ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በተማሪዎች መካከል በሚደረገው ክርክር አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሣል፤ ይኸውም የባዕድ ቋንቋ ስም የተሸከሙ ሰፈሮች ሁሉ ስማቸው ተለውጦ በአገር ቃል ይጠሩ የሚል ነው። የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች «ባዕድ ስም የባዕድ የበላይነት ምልክት ነው» ይላሉ። እኔም አስቀድሞ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ። የቃሉን ታሪክ ከመረመርሁ በኋላ ግን አሳቤን ለመለወጥ ተገድጃለሁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች በተራ እዘረዝራለሁ።

በድምፅ የሚመስሉ ቃላት

የአንድን ቃል ሥር ለማግኘት አስቀድሞ የማይዛመዱትን መለየት ይጠቅማል። ለ«ለጋሲዮን» በድምፅ የሚቀርቡ ቃላት ብዙዎች ናቸውና ተመልካቹን በቀላሉ ያሳስቱታል።

በመጀመሪያ የሚመጣው የራሳችን ቃል «ለጋስ» ነው። ፈረንሳዮች በዚያ የያዙት ግቢ ከ40 ሄክታር በላይ ስለ ሆነ፥ «ይህን ያህል መሬት የሰጠ ለጋስ ነው፤ ስሙም ከዚያ መጣ» ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም። ቀልዱ ያምራል፤ ዳሩ ግን «ለጋስ» ለገሰ ከሚለው የአገር ግሥ የወጣ ስለ ሆነ ከዚህ ቃል ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ሁለተኛው «ለገ» የሚለው የቦታ ስም መነሻ ነው። ከየካ ወደ ምሥራቅ ለሚሄድ ሰው ለገጣፎና ለገዳዲ ቅርብ ናቸው። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን አጠገብም የቀበና ወንዝ ስለሚወርድ ግምቱ የማይመስል አይደለም። ሆኖም «ሲዮን» የሚለው ቅጥያ ሳይፈታ ስለሚቀር ይህም አያስኬድም።

ሦስተኛው «ለገሃር» ነው። ይህ ስም ከፈረንሳይኛ እንደ መጣ የታወቀ ነው፤ «ላ ጋር» ማለት የባቡር ጣቢያው ማለት ሲሆን፥ «ላ» የሚለው የፈረንሳይኛ መስተአምር ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው የ«ለጋሲዮን»ም መነሻ «ለ» እንደዚያው ተጣባቂ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የተለየ ነው። በ«ለገሃር» ውስጥ «ለ» ከውጭ የተጨመረ ነው፤ በ«ለጋሲዮን» ውስጥ ግን ከሥሩ የተወለደ ነው።

አራተኛው የሰው ስም ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ሚኒስትር የነበሩት ሙሴ ሌዮንስ ላጋርድ ናቸው። «ላጋርድ» እና «ለጋሲዮን» ስለሚቀራረቡ ሰፈሩ በእርሳቸው ስም የተሰየመ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «ላ ጋርድ» በፈረንሳይኛ ዘበኛ ወይም ጥበቃ ማለት ነው፤ ሥሩም ከጀርመናውያን ቋንቋዎች እንጂ ከላቲን አይደለም።

አምስተኛውና አሳሳቹ በማርቆስ ወንጌል የሚገኘው «ሌጌዎን» የሚለው ስም ነው። ይህ በእርግጥ የላቲን ቃል ነው። «ሌጊዮ» የሮማውያን ታላቅ የጦር ክፍል ሲሆን፥ የወጣውም መሰብሰብ፥ መምረጥ፥ ማንበብ ከሚለው «ሌጌሬ» ከተባለው ግሥ ነው። ሰፈሩ ቀድሞ የጦር ሰፈር ነበረ ብሎ ለሚገምት ሰው ይህ ማስረጃ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም «ሌጊዮ» እና የእኛ «ለጋሲዮን» በቀጥታ የወጡት ከአንድ ግሥ አይደለም። ይህን ለማየት ወደ ቃሉ ሥር እንሻገር።

የቃሉ ሥር

በላቲን ሕግ «ሌክስ» ይባላል፤ ሲዘረዘር «ሌጊስ» ይሆናል። ከዚህ ስም «ሌጋሬ» የሚል ግሥ ወጣ። ትርጉሙም አንድን ሰው በሕግ ሥልጣን ሰጥቶ መላክ ማለት ነው። እንዲሁ መላክ በላቲን ሌላ ቃል አለው፤ እርሱም «ሚቴሬ» ነው። «ሌጋሬ» ግን ተራ መላክ ሳይሆን በአደራና በሥልጣን መላክ ነው። በዚህ አኳኋን የተላከው ሰው «ሌጋቱስ» ተባለ፤ ተልእኮውም «ሌጋቲዮ» ተባለ። የሮም ሸንጎ ወደ ነገሥታት የሚልካቸው መልእክተኞች ሌጋቱስ ይባሉ ነበር። በኋላም የጦር አለቃውና የክፍለ ሀገሩ ገዥ ከቄሣር ውክልና ስለ ተቀበሉ በዚሁ ስም ተጠርተዋል።

ይኸው «ሌጋሬ» የሚለው ግሥ አንድ ሁለተኛ ትርጉም ነበረው፤ ይኸውም በኑዛዜ ማውረስ ነው። ሟቹ ለወራሹ በሕግ የሚተውለት ንብረት «ሌጋቱም» ይባል ነበር። ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው፤ ላኪውም ሟቹም በቦታው ሳይኖሩ ፈቃዳቸው በሕግ ይፈጸማል።

ከዚህ ሥር የወጣ አንድ የቅርብ ዘመድ በአማርኛችን ውስጥ አለ። እርሱም «ኮሌጅ» ነው። በላቲን «ኮሌጋ» ማለት ከሌላው ጋር አብሮ ሥልጣን የተሰጠው ሰው፥ የሥራ ባልደረባ፥ ማለት ነው። የባልደረቦች ማኅበር ደግሞ «ኮሌጊዩም» ይባል ነበር። በዚያው በየካ ለብዙ ዓመታት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይባል የነበረው የኮተቤ ትምህርት ቤትና የፈረንሳይ ለጋሲዮን፥ ስማቸው ከአንድ የላቲን ሥር የተቀዳ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም።

በትርጉም የሚዛመዱት ደግሞ ሌሎች ናቸው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁበት ትምህርት ቤት «ሚሲዮን» ይባል ነበር። «ሚሲዮን» ከላይ ከተጠቀሰው «ሚቴሬ» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መላክ ነው። የግዕዝም ቋንቋ «ለአከ» ብሎ ላከ ይላል፤ ከዚህም ልኡክ፥ መልእክት፥ ተልእኮና መልአክ ይወጣሉ። እንግዲህ በየካ ሚካኤል ያሉ ምእመናን «መልአክ» ሲሉና ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው ሰፈር «ለጋሲዮን» ሲባል፥ ሁለቱም ቃላት የተላከውን ያመለክታሉ። ነገር ግን «ለአከ» እና «ሌጋሬ» በድምፅ ቢቀራረቡም አንዱ የሴም፥ ሁለተኛው የላቲን ቃል ስለ ሆነ መመሳሰላቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነው።

ወደ አማርኛ የገባበት መንገድ

ቃሉ ከላቲን በቀጥታ ወደ እኛ እንዳልመጣ መጨረሻው ይመሰክራል። ላቲን «ሌጋቲዮ» ሲል፥ ኢጣልያንኛ «ሌጋጽዮኔ»፥ እንግሊዝኛ «ሊጌሽን»፥ ፈረንሳይኛ «ሌጋስዮን» ይላል። አማርኛው «ሲዮን» ብሎ መጨረሱ የተቀበለው ከፈረንሳይኛ መሆኑን ያረጋግጣል።

ይህ መለያ ለሌሎችም ቃላት ይጠቅማል። «ሚሲዮን» የሚለው የቀደመ አጠራር የፈረንሳይኛ ሲሆን፥ «ኮሚሽን»፥ «ፌዴሬሽን»፥ «ቴሌቪዥን» የሚሉት ግን በእንግሊዝኛ በኩል የገቡ ናቸው። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ከኢጣልያ ወረራ በፊት በአገራችን በመንግሥት ሥራ፥ በባቡሩ ኩባንያና በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ቋንቋዎች የበለጠውን ሥፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ግን ሥፍራውን እንግሊዝኛ ወሰደ። ስለዚህ «ሲዮን» የሚለው መጨረሻ ከእንግሊዝኛው ዘመን በፊት የገባ ቃል መሆኑን ያመለክታል።

የውጫሌ አንቀጽ 17 እና የመላላክ መብት

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ቃሉ ለምን በዚያ ዘመንና በዚያ ቦታ ገባ የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት የአገሮችን ሕግ አንድ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። የሕግ ሊቃውንት «ዩስ ሌጋቲዮኒስ» የሚሉት መብት አለ፤ ይኸውም መልእክተኛ የመላክና የመቀበል መብት ማለት ነው። ይህ መብት የሚገባው ራሱን ችሎ ለሚገዛ መንግሥት ብቻ ነው። በሌላ መንግሥት ጥበቃ ሥር ያለ አገር የውጭ ጉዳዩን የሚፈጽመው በጠባቂው አማካይነት ስለ ሆነ በራሱ ስም ለጋሲዮን አይልክም፥ አይቀበልምም።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ጠብ የነካው ይህንኑ መብት ነበር። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ሊጠቀሙ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አቀረበው። ኢጣልያም በዚህ ተመርኵዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለመንግሥታት አስታወቀች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስለ ዘውዳቸው ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፥ የመጣላቸው መልስ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል እንዲሆን የሚያመለክት ነበር። በሌላ አነጋገር የመላላክ መብታቸው ተካደ ማለት ነው። በ1885 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ውሉን አፈረሱ፤ ክርክሩም በመጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ተራሮች ላይ ተፈረደ።

ከአድዋ በኋላ የሆነውን በጊዜ ቅደም ተከተል ስናየው ነገሩ ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አረጋገጠ። ከዚያም አምስት ወር ሳይሞላ፥ በመጋቢት 1889፥ የጅቡቲ ገዥ የነበሩት ሙሴ ላጋርድ አዲስ አበባ መጥተው በፈረንሳይ ስም ስለ ወሰን ተዋዋሉ። በግንቦት 1889 ደግሞ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ተዋዋሉ። በ1890 ዓ.ም. ጆን ሃሪንግተን የእንግሊዝ ወኪል ሆነው በከተማይቱ ተቀመጡ፤ በኋላም ማዕረጋቸው ወደ ሚኒስትርነት ከፍ አለ። የተሸነፈችው ኢጣልያ ራሷ ወኪሏን ወደ አዲስ አበባ ላከች፤ ሩስያም እንዲሁ።

ለእነዚህ መልእክተኞች ምኒልክ ከቤተ መንግሥታቸው በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች ግርጌ ሰፋፊ መሬት ሰጧቸው። የፈረንሳይ፥ የእንግሊዝ፥ የሩስያ፥ የኢጣልያና የጀርመን ኤምባሲዎች እስከ ዛሬ በዚያው ወገን መገኘታቸው የዚህ ውጤት ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምሻው ነገር አለ። ቅኝ በተገዙ አገሮች ባዕዳን መሬቱን ራሳቸው ወስደው ራሳቸው ስም ያወጡ ነበር። በእኛ አገር ግን መሬቱን የሰጠው የአገሩ ንጉሥ ነው፤ ስሙንም ያጸናው የአገሩ ሕዝብ ነው።

እንዲያውም ሙሴ ላጋርድ ከምኒልክ የተቀበሉት ማዕረግ በፈረንሳይኛ «ዱክ ዳንቶቶ»፥ ማለት የእንጦጦ መስፍን፥ ተብሎ ይጻፍ ነበር። «ዱክ» የሚለው ቃል የመጣው ከላቲን «ዱክስ» ሲሆን መሪ ማለት ነው። ስለዚህ የላቲን ቃል የፈረንሳይ መልእክተኛን አልብሶ ከእንጦጦ ስም ጋር የገጠመው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሹመት ነው። ሿሚው ማን፥ ተሿሚው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

የማዕረግ ነገር

እስካሁን ያየነው የስሙን ክብር ነው። ይሁን እንጂ ለእውነት ሲባል ሌላውንም ገጽ ማሳየት ይገባል። ለጋሲዮን ኤምባሲ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1815 የቪየና ጉባኤ መልእክተኞችን በማዕረግ መደበ። በመጀመሪያው ማዕረግ አምባሳደሮችና የሮም ጳጳስ እንደራሴዎች ተቀመጡ፤ በሁለተኛው ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትሮች፤ ከእነርሱ በታች ጉዳይ ፈጻሚዎች። አምባሳደር የሚቀመጥበት ቤት ኤምባሲ፥ ሚኒስትር የሚቀመጥበት ለጋሲዮን ተባለ። በዚያ ዘመን ልማድ ታላላቅ መንግሥታት አምባሳደር የሚለዋወጡት እርስ በርሳቸው ነበር፤ ለሌሎቹ አገሮች ግን ሚኒስትር ይልኩ ነበር። ኢትዮጵያም በአድዋ ድል ብታደርግም የተላከላት ሚኒስትር ነው እንጂ አምባሳደር አልነበረም። የሰፈሩ ስም እንግዲህ ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ መንግሥታት ነፃነታችንን ማወቃቸውን ይመሰክራል፤ በማዕረግ ግን ከራሳቸው ጋር አለማስተካከላቸውንም ይመሰክራል።

የሚያስደንቀው የቃላቱ ሥር ከማዕረጋቸው ጋር የማይስማማ መሆኑ ነው። «ኤምባሲ» የሚለው ቃል «አምባክቱስ» ወደሚባል ቃል ይመለሳል፤ የሮማው ዩልዮስ ቄሣር ስለ ጎል ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ የመኳንንቱን ተከታይ ሎሌዎች የጠራበት ቃል ነው፤ ላቲንም የወሰደው ከጎሎች ነው። «ሚኒስትር» ደግሞ በላቲን አገልጋይ ማለት ሲሆን «ሚኑስ» ካለው፥ ማለት ካነሰ፥ የወጣ ነው። በአንጻሩ «ቆንስል» በሮም ሪፑብሊክ የመጨረሻው ከፍተኛ ሹም ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ቆንስላ ከኤምባሲ በታች ነው። ሎሌው ከላይ ወጣ፥ ታላቁ ሹም ከታች ወረደ፤ በሕግ የተላከው ሌጋቱስ በመካከል ቀረ። ከዚህ የምንማረው የቃል ትርጉም በሥሩ ብቻ ሳይሆን በኖረበት ታሪክም እንደሚወሰን ነው።

ስሙ የጠፋበትና የተመለሰበት ዘመን

ለጋሲዮኖቹ በከተማይቱ ታሪክ ውስጥ ያላቸው ሥፍራ የመልእክት ቤትነት ብቻ አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት በተቃረበ ጊዜ ራስ ተፈሪ ገና ሕፃን የነበረውን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን ለጥንቃቄ በእንግሊዝ ለጋሲዮን አስቀምጠውት ነበር። በኋላ በጉዞ ጽሑፎቹ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም፥ አባቱ የእንግሊዝ ሚኒስትር ስለ ነበሩ፥ በ1902 ዓ.ም. የተወለደው በዚያው ግቢ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጅቡቲ በሄዱና ከተማይቱ በዘረፋና በቃጠሎ በታወከች ጊዜ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች በእንግሊዝና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ተጠልለው ሰነበቱ። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ገባ።

የ«ለጋሲዮን» ትርጉም ከምንጊዜውም ይበልጥ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። በ1929 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ በአዲስ አበባ የነበሯቸውን ለጋሲዮኖች ወደ ቆንስላ ጄኔራልነት ለወጡ። ቤቱ ያው ቤት፥ ግቢውም ያው ግቢ ነበር። ነገር ግን ለጋሲዮን የሚላከው ወደ ነፃ መንግሥት ስለ ሆነ፥ ወራሪው በያዘው አገር ያ ስም በበሩ ላይ ሊቆይ አልቻለም። የስሙ መነሣት የኢጣልያን ይዞታ በተግባር የመቀበል ምልክት ነበር፤ እንግሊዝም በ1931 ዓ.ም. ይህንኑ በሕግ አጸናችው። እንግዲህ «ለጋሲዮን» የሚለው ቃል የባዕድ የበላይነት ምልክት ቢሆን ኖሮ በጠላት ዘመን በጸና ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ነፃነት ሲወሰድ ስሙም አብሮ ተወሰደ።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ የማዕረግ ትግሉ ወዲያውኑ አላበቃም። በጥር 1934 የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት የእንግሊዙ ሚኒስትር ከማናቸውም የውጭ መንግሥት መልእክተኛ ቅድሚያ እንዲኖረው ይደነግግ ነበር። ይህ ቅድሚያ በታኅሣሥ 1937 በተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ቀረ። በ1941 ዓ.ም. የአሜሪካ ለጋሲዮን ወደ ኤምባሲነት ከፍ አለ፤ ሌሎቹም በየተራቸው አምባሳደር ላኩ። በዓለምም ላይ ቢሆን ለጋሲዮን ከሥራ እየወጣ ሄደ፤ አሜሪካ በሃንጋሪና በቡልጋሪያ የነበሯት የመጨረሻዎቹ ለጋሲዮኖቿ እ.ኤ.አ. በ1966 ኤምባሲ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የቪየና ስምምነት ሁለተኛውን ማዕረግ በጽሑፍ ቢያኖረውም በተግባር የሚሠራበት የለም ለማለት ይቻላል።

ከቤት ስም ወደ ሰፈር ስም

ቤቱ ኤምባሲ ከሆነ በኋላ ሕዝቡ ስለ ምን «ለጋሲዮን» ማለቱን አልተወም? በተለይም እንግሊዞች የሚኖሩበትን ግቢ «እንግሊዝ ኤምባሲ» ሲል የፈረንሳዮቹን ግን በቀድሞው ስም መጥራቱ ጥያቄ ያስነሣል።

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ስሙ ባለቤቱን በመለወጡ ነው። «እንግሊዝ ኤምባሲ» የሚለው አጠራር እስከ ዛሬ የሚያመለክተው ግቢውን ነው፤ ስለዚህ የግቢው ማዕረግ ሲለወጥ ስሙም ተለወጠ። በፈረንሳዮቹ ግቢ ዙሪያና ከበላዩ እስከ ተራራው ድረስ ግን ብዙ ሕዝብ ሰፍሮ፥ ቤት ሠርቶ፥ ቤተ ክርስቲያን ተክሎ፥ ዕድር አቁሞ ስሙን የራሱ አድርጎታል። አንድ ሰው «እኔ የለጋሲዮን ልጅ ነኝ» ቢል ፈረንሳዊ መሆኑን ወይም በኤምባሲ መወለዱን የሚገምት የለም፤ የተወለደበትን ሰፈር መናገሩ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። ስሙ አንድ ጊዜ የሕዝብ ከሆነ በኋላ የፓሪስ ወይም የአዲስ አበባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚያወጣው የማዕረግ ለውጥ አይነካውም። አጭር አጠራርን የሚወደው የከተማ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ቃላት አንዱን ጥሎ «ፈረንሳይ» ብቻ ማለት ጀምሯል። «ጉራራ» እና «አቦ» የሚሉትን የሠፈር ስሞችም በዚሁ ላይ እየጨመረ «ፈረንሳይ ጉራራ»፥ «ፈረንሳይ አቦ» ይላል።

በዚህ አጠራር ምክንያት ከሁለቱ ቃላት ቀድሞ የሚጠፋው «ለጋሲዮን» ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ከታሪክ አንጻር ሲታይ ግን ይበልጥ የሚናገረው እርሱ ነው። «ፈረንሳይ» የሚለው ማን እንደ ላከ ብቻ ይነግረናል፤ «ለጋሲዮን» ግን ወደ ማን እንደ ተላከና በምን ሕግ እንደ ተላከ ይነግረናል።

ማጠቃለያ

የምርመራው ውጤት በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ለጋሲዮን» ሥሩ ሕግ ከሚለው የላቲን ቃል፥ መንገዱ በፈረንሳይኛ፥ ማደሪያው በእንጦጦ ግርጌ ነው። ከለጋስ፥ ከለገጣፎ፥ ከለገሃር፥ ከላጋርድና ከሌጌዎን ጋር በድምፅ እንጂ በቀጥታ ትውልድ አይገናኝም። ወደ እኛ የገባው ኢትዮጵያ የመላላክ መብቷን በጦር ሜዳ ካስከበረች በኋላ ነው፤ ከግቢዎቹ በር የተነሣውም ነፃነቷ በተደፈረበት ዘመን ነው።

ከመጀመሪያው ወደ ጠቀስሁት ክርክር ልመለስና፥ ባዕድ ስም ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ መለየት ያስፈልጋል። ጠላት በግድ የለጠፈው ስም አለ፤ እንዲህ ያለውን መፋቅ ተገቢ ነው። ሕዝቡ በራሱ አንደበት የተቀበለውና የነፃነቱ ምስክር የሆነ ስም ደግሞ አለ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ሰነድ ከጠላት ንብረት ጋር አብሮ እንደ ማቃጠል ይሆናል። ከተማይቱ ዛሬ በፍጥነት እየፈረሰች በምትሠራበት ጊዜ፥ ቤቶቹ ተነሥተው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲሄዱ ስሙን የሚያስታውስ ይቀንሳል። ስለዚህ የክፍለ ከተማው ሹማምንት ለመንገዶችና ለማቆሚያዎች ስም በሚጽፉበት ጊዜ «ለጋሲዮን» የሚለውን እንዳይተዉት፥ ቢቻልም ትርጉሙን በአንድ መስመር ከሥሩ እንዲያስጽፉ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ጓደኞቼ ተማሪዎችም እንዲሁ በየሰፈራቸው ያሉትን ስሞች ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቢመረምሩ ለዚህ መጽሔት ብዙ ቁም ነገር ይገኛል። ከላይ እንዳየነው «ሌጋሬ» መላክ ብቻ ሳይሆን ማውረስም ማለት ነው። ስሙን ከእነ ትርጉሙ ተቀብለን ለሚቀጥለው ትውልድ ማስረከብ የእኛ ፈንታ ነው።